የቁራ ቀለብ

እኛ አገር የወር አበባ በስሙ አይጠራም፤ «ቁራ ነካት» ነው የሚባለው። ልጅ ሆኜ እናቴ ድንገት ከማድ ቤት ወጥታ የጓሮው በረንዳ ላይ ለብቻዋ ስትቀመጥ፣ «የት ጋ ነው የነካሽ?» እያልኩ ልብሷ ላይ የቁራ ላባ እፈልግ ነበር። ቁራ የነካት ሴት ምድጃ አትጠጋም፣ የአማልክቱን ክፍል ደጃፍ አትረግጥም፣ ሰው አትነካም፤ ሰውም አይነካትም። የራሷ ምንጣፍ፣ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ጣሳ አላት። በአራተኛው ቀን ጸጉሯን ታጥባ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራ ይቀጥላል።

ሌላው ሰው ይህን ነገር ከተወው ቆይቷል። የጎረቤቶቻችን ሴቶች ቁራ ነክቷቸውም ቢሮ ይውላሉ፣ ሲኒማ ይገባሉ። የወንድሜ ሚስት ኢንዱማቲ ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ቤት አይረክስም» ብላ ጸናች። እኔ ጎዳቫሪ ነኝ። ባሌ በወጣትነቴ ሞተብኝና ወደ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ፤ ወንድሜም ሞተና ከሚስቱ ጋር ተፋጠን ቀረን። በሕንድ አገር ያለችው ከተማችን ዋይ ትባላለች። ስሟ ነው፣ ምን ላድርግ። ሰዎች አፌ ክፉ ነው ይላሉ። አፌስ ደህና ነው፤ የሚያስወሩኝ ነገር ነው ክፉው። አሁን የምነግራችሁ ስለ ኬታኪ ነው፣ የወንድሜ ልጅ የማዳቭ ሚስት ስለነበረችው። በሰፈራችን ስለ እሷ ያላወራ የለም፤ ያወራው ሁሉ ግን ሳያውቅ ነው።

ልናያት የሄድን ቀን የተጨፈለቀ ሩዝ በሽንኩርት ይዛ ወጣች። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። አፈረች ብዬ ነበር። ኢንዱማቲ ስለ ትምህርቷ አልጠየቀች፣ ስለ ወርቅም አልጠየቀች። ወደ እናትየዋ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁራው ጊዜውን ያውቃል?» አለቻት።

«እመቤቴ፣ ጨረቃ ትሳሳት እንደሆነ እንጂ የእሷ ቁራ አይሳሳትም» አለች እናት፣ ዓይኗን ሳታሽ።

በመንገድ ላይ ኢንዱማቲ ደስታ አላስቀምጣት አለ። «የዚህች ልጅ ማኅፀን ሰዓት ነው፣ እትዬ» አለችኝ። እትዬ የምትለኝ ደስ ሲላት ብቻ ነው።

«እናትየዋ ሰዓት ሻጭ ናት እንዴ? በዋስትና ነው የሰጠችሽ?» አልኳት። ማዳቭ ሳቀ፤ እናቱ ዞር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠ። ያ ልጅ እንዲህ ነው። ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ማንንም የማይበድል ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን የእናቱን ዓይን ተሻግሮ አያልፍም።

ኬታኪ መጣች። መጀመሪያ ቤቱን ሁሉ በእጇ ያስገባችው በደጃፍ ሥዕሏ ነው። እኛ አገር ሴት ጠዋት ደጇን ጠርጋ በነጭ ዱቄት ሥዕል ትሥላለች፤ የእሷ ግን ሌላ ነበር። ዱቄቱን በሁለት ጣቷ እያንጠባጠበች እጇን ሳታነሳ ከአንድ መስመር ላይ የሎተስ አበባ፣ ዓሣ፣ ጣዎስ ታወጣለች። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሳይረግጡት ይዞሩታል። ቁራ የነካት ሴት ደጃፍ አትሥልም፤ ስለዚህ ደጃችን ባዶውን ባደረ ቁጥር መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ወተት ሻጩ ሳይቀር ያውቃል። «የኢንዱማቲ ምራት ዛሬ ውጭ ናት» ይባባላሉ። ኢንዱማቲም አልደበቀችውም፤ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ «የእኔ ምራት ቁራ ካሌንደር ያነባል» እያለች ትመጻደቅ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ኬታኪ የጓሮ ምንጣፏን ጠቅልላ በረንዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ያን ምንጣፍ ማንም አይነካውም፤ ድመት እንኳን ብትተኛበት ኢንዱማቲ ድመቷን ታጥባለች። ልጅቷ ግን ቁራ ሳይነካትም፣ ሁልጊዜ ከእራት በፊት ወደ ምንጣፉ ትሄዳለች፤ እጇን ትከታለች፣ አንድ ነገር አፏ ውስጥ ጣል ታደርጋለች፣ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ፣ «ምንድን ነው የምትቅሚው?» አልኳት።

ደነገጠችና አፏን ሸፈነች። ከዚያ እኔ መሆኔን ስታይ ሳቋ መጣ። «የቁራ ቀለብ ነው፣ አክስቴ። ካልቀለብኩት አይመጣም።»

ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ልጅ ሳለች ቁራው በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ አገጯ ላይና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ጸጉር አወጣች፣ ፊቷ በብጉር ተሞላ። እናቷ ትልቁ ከተማ ፑኔ ወስዳ ሐኪም አሳየቻት። ሐኪሙን ያነጋገረችው እናትየዋ ብቻዋን ገብታ ነው። ስትወጣም «የሆርሞን መድኃኒት ነው፣ ደምሽን ሥርዓት ያስይዘዋል፤ በምንም ዓይነት እንዳታቋርጪው» አለቻት። ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አላቋረጠችም። ፊቷ ጠራ፣ ጸጉሩ ሳሳ፣ ቁራው ቀጠሮ አክባሪ ሆነ። እናቷ ኪኒኑን በጨውና በቅመም ከተዘፈዘፈ ማንጎ ጋር አሽጋ በአውቶቡስ ሹፌር ትልክላታለች። አፏን በእጇ የምትሸፍነው የድሮ ልማድ ሆኖባት ነው።

«ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ?»

«እማዬ የአቶ እገሌ ልጅ በሽተኛ ናት ከተባለ አለቀልሽ አለችኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የዚህች ልጅ እናት ግን መድኃኒቱንም ደበቀችው።

አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለተኛው ገባ። የተመረቀው ነገር ቀስ እያለ እርግማን ሆነ። ደጃችን ባዶ በሚያድርበት ጠዋት ኢንዱማቲ ቁራ የነካትን ምራቷን በሩቅ እያየች ትቆማለች። በመጀመሪያው ዓመት «መጣ እንዴ? እሰይ» ትል የነበረችው ሴትዮ አሁን «መጣልሽ አሉ ደግሞ» ትላለች። ምግቧን ከሩቅ አስቀምጣላት ስትሄድ ሳህኑ ድንጋይ ላይ የሚያሰማው ድምፅ እየከበደ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቀን እኛ ሁላችን ባለንበት፣ «እስከ መብራት በዓላችን፣ እስከ ዲዋሊ ድረስ እጠብቃለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ ወደ እናቷ ቤት ትሂድ። ማዳቭ አንድ ልጄ ነው፤ ዘሬ እዚህ ምንጣፍ ላይ አይቀርም።»

ማዳቭን አየሁት። የማሽላ ቂጣውን በጣቱ መቆራረሱን ቀጠለ።

ኬታኪ ያን ቀን ጓሮ ገብታ ስታለቅስ ያገኘኋት ባሏን ትጠላው ስለነበር አይደለም። ትወደው ነበር፣ ምስኪን። ከዚያ ቤት መውጣት አልፈለገችም፤ ወደ እናቷ የተመለሰች ሴት ምን እንደምትባል እኔ አውቀዋለሁና አባበልኳት አልላችሁም፣ አብሬያት ነው ያለቀስኩት። ቀጥሎ ዓይኗን ጠረገችና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከምንጣፉ ኪኒኗን አውጥታ ዋጠች። «ደሜ ከተስተካከለ ማኅፀኔ ደህና ነው ማለት ነው አይደል፣ አክስቴ? አንድ ቀን ይይዝልኛል» አለችኝ።

ነገሩ አላማረኝም። ለኢንዱማቲ «ሳታራ ከተማ ያለው መቅደስ ስእለት አለብኝ፤ ምራትሽ ትደግፈኝ» ብዬ ወደ ሴቶች ሐኪም ወሰድኳት።

ሐኪሟ ችኩል ሴት ነበረች። የኪኒኑን እሽግ አገላብጣ አየችና ኬታኪን ከመነጽሯ በላይ ተመለከተቻት። «ለምንድን ነው የመጣሽው?»

«ልጅ እንቢ ብሎኝ ነው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይህ እኮ የወሊድ መከላከያ ነው።»

ኬታኪ ፈገግ እንዳለች ቀረች፤ ፈገግታዋን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ሐኪሟም ችኮላዋን ትታ ያለፈውን ሁሉ ጠየቀቻትና አስረዳቻት። በዚህ ሕመም የወንድ ሆርሞን ሴት ላይ ይበዛል፤ የእንቁላል ማመንጫዎቿ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ይደረደራሉ፣ እንቁላል በጊዜው አይወጣም፣ ደም ይጠፋል፣ ጸጉር በማይበቅልበት ይበቅላል። «ኪኒኑ ያን ሆርሞን ያረግበዋል፣ ፊትን ያጠራል፣ ማኅፀንን በየወሩ ያጸዳል። መልካም መድኃኒት ነው፤ ሥራውን ሠርቷል። በየወሩ የምታዪው ደም ግን ኪኒኑ የጠራው ደም ነው። እንቁላሉንማ አስተኝቶታል። ያዘዘልሽ ሐኪም ስታገቢ ተመለሺ አላለም?»

መልሱ እናቷ ዘንድ ነበር። ይብላኝ ለእናት፤ ልጇን ልታድናት ብላ አፏን ዘጋች።

«እንግዲህ ተዪው» አለች ሐኪሟ። «ሁለት ወር ጠብቂ። ደሙ በራሱ ከመጣ እሰየው፣ እንቁላልሽ እየነቃ ይሆናል። ካልመጣ ግን ቤትሽ ተቀምጠሽ እንዳትቆጥሪ። ጠፋ ማለት ሄደ ማለት አይደለም፤ ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመ ነገር ሲለቅ እንደ ግድብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ደም የለሽም፣ የዓይንሽ ቆብ ውስጡ ነጭ ነው። ነይ፣ ደሙን የማመጣበት፣ እንቁላሉንም የምቀሰቅስበት ሌላ መድኃኒት አለኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ ኬታኪ እጄን ይዛ፣ «ከተውኩት ጢም ያወጣኛል እኮ» አለች።

«ማዳቭም ጢም አለው፤ ማን ከቤት አስወጣው?»

ሳቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሳትሸፍን። የተረፈውን ኪኒን ግን አልጣለችውም፣ ምንጣፉ ውስጥ እንዳለ ተወችው። ሰው የለመደውን ነገር ቶሎ አይጥልም።

ቁራው ዘገየ። አንድ ወር ደጃችን ሳይጓደል ሥዕል አደረበት። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ። ጠዋት ወተት ሻጩ ቆም ብሎ ሥዕሉን እያየ ጢሙን ይጠመዝዛል። ሴቶቹ በየመስኮታቸው ሆነው ይቆጥራሉ። ማንም ምንም አልጠየቀም፣ ኬታኪም ምንም አልተናገረችም፤ ግን እኛ ቤት ጓሮ አለመውጣት ራሱ ንግግር ነው። አገጯ ላይ ጸጉሩ ተመለሰ፣ ግንባሯ ላይ ብጉር ፈላ። ኢንዱማቲ ይህን አይታ በደስታ ልትሞት ደረሰች። «የእናቱን መልክ የሚያጠፋ ወንድ ልጅ ነው፣ እትዬ። እኔም ማዳቭን ሳረግዝ ፊቴ እንዲህ ነበር» አለችኝ።

ቀጥሎ አረንጓዴውን አመጣች። እኛ አገር ሴት በሦስተኛ ወሯ፣ ወሬው ሳይወጣ፣ አማቷ በድብቅ አረንጓዴ ሳሪና የደረት ልብስ ትሰጣታለች። «የሌባ ልብስ» ይባላል፤ ከክፉ ዓይን ተሰርቆ የሚለበስ ማለት ነው። ኢንዱማቲ በገዛ እጇ አለበሰቻት፣ አረንጓዴ አምባር አሰረችላት፣ ጉንጯን ዳሰሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልዳሰሰችው ጉንጭ ነው። ኬታኪ በአረንጓዴው ውስጥ ቆማ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለብቻዋ አግኝቻት፣ «ዛሬውኑ ሳታራ እንሂድ፤ ሁለት ወሩ አልፏል» አልኳት።

«አክስቴ፣» አለች ሆዷን በእጇ ይዛ፣ «ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ሆዴ ይነፋል። ጠዋት ጠዋት ያጥወለውለኛል። እግዜር መድኃኒቱን ስተው ወዲያው ሰጥቶኝ ቢሆንስ?»

«ይሄዳል፣ ይታያል፣ ይታወቃላ።»

«ባይሆንስ? ዛሬ ባይሆን ነገ እናቴ ቤት ነኝ። ትንሽ ልቆይበት። ልክ እንዲህ ጉንጬን ስትነካኝ ትንሽ ልቆይበት።»

እኔ መቆየት አልቻልኩም። ኢንዱማቲ አማልክቷን አጥባ ስትጨርስ ጠበቅኋትና ሁሉን ዘረገፍኩላት፤ ሕመሙን፣ ኪኒኑን፣ ሐኪሟ ያለችውን። «ልጅቷ ያረገዘች አይመስለኝም። ደሙ ውስጧ እየተጠራቀመ ነው፤ ሐኪም ትያት» አልኳት።

ኢንዱማቲ ፊቷ ጠቆረ። እትዬ ማለቱም ቀረ። «አንቺ ባል አልቆየልሽ፣ ልጅ አልወጣልሽ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ላይ አፍሽን ከፈትሽ?» አለች። ማዳቭንና ኬታኪን ጠራቻቸው። «አክስትሽ አላረገዝሽም ትላለች። እውነት ነው?»

ኬታኪ አረንጓዴ አምባሯን እያዞረች ወለሉን አየች። «አላውቅም፣ እማዬ» አለች። ቃሏ እውነት ነበር፣ አላወቀችም። ማዳቭም «አክስቴ፣ ተይ እንጂ፤ በደስታችን ቀን» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ልጅቷ እንዳልደርስ ታዘዝኩ። የመበለት ጥላ ያረገዘች ላይ ካረፈ ፅንሱ ይደርቃል ይላሉ። እኔ በአንድ በር ስገባ እሷን በሌላው ያስወጧታል። ወንዙን እንዳትሻገር፣ አውቶቡስ እንዳትወጣ ከለከሏት። ሐኪሟ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ጠዋት ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ሥዕሏን አያለሁ። መስመሩ እየሳሳ፣ ጣዎሱ እያነሰ ሄደ። አንዳንዴ ዱቄቱ ተበትኖ አገኘዋለሁ።

የወንዟ እመቤት በዓል ደረሰ። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ታጥቦ፣ አዲስ ለብሶ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ኢንዱማቲና ማዳቭ በማለዳ ወጡ፤ ኬታኪን «ግፊያ ውስጥ አትገቢም» ብለው ቤት ተዉአት። እኔን ደግሞ ከእሷ ጋር ብቻችንን እንዳንቀር ከፊታቸው አስቀድመው ነዱኝ። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ጉልበቴ አሞኛል ብዬ ከሕዝቡ ሾልኬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ልቤ ነው እንቢ ያለኝ።

ደጃፉ ላይ ሥዕል ተጀምሯል። የሎተስ ግማሽ አለ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፣ የዱቄቱ ሳህን ተገልብጧል። መንገዱ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የሚነበብ ነገር ነው። በቤቱ ውስጥ አልፌ ወደ ጓሮው ሄድኩ። ልጅቷ ሥርዓቷን ጠብቃ ምንጣፏን ዘርግታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ። አረንጓዴው ሳሪ ከወገቧ በታች ጠቁሯል። ምንጣፉም፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ድንጋይም።

«አክስቴ፣ መጣ» አለችኝ። ከንፈሯ ዱቄት የነካው ይመስል ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን ማንም አያምነኝም፣ ግን ደስ ብሏት ነበር። «ቁራው በራሱ መጣ። ምንም ሳልቀልበው። ሐኪሟ በራሱ ከመጣ ነቅቷል ብላ የለ?»

ላነሳት ጎንበስ ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። «አትንኪኝ፣ ታጥበሻል። ዛሬ በዓል ነው።»

«በዓሉ ገደል ይግባ» ብዬ አቀፍኳት። ክብደት አልነበራትም፣ እኔ ግን አሮጊት ነኝ፤ ከመሬት ላነሳት አልቻልኩም። ጮህኩ። የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ኢንዱማቲና ማዳቭ ናቸው። ኢንዱማቲ ለቤት አማልክት የተቀደሰውን ምግብ በሳህን ይዛለች፣ ማዳቭ የወንዙን ውሃ በናስ ማሰሮ። የጓሮው በር ደፍ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

«ማዳቭ፣ አንሳት» አልኩት።

ማዳቭ እናቱን አየ። በእጁ ያለውን ውሃ አየ። ያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያን ደፍ ማለፍ እንደሌለበት ተምሯል፤ እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን አልተሻገረም። ኢንዱማቲ «የልጅ ልጄ፣ የልጅ ልጄ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። «ቆይ፣ አዋላጅ ልጥራ። ውሃውን አስቀምጥ ልጄ፣ እንዳይረክስ አስቀምጥና…» ቦታ ትፈልግለት ጀመር። ለውሃው ቦታ።

ምንጣፉን በጫፉ ይዤ ኬታኪን እየጎተትኩ ወደ ኋላ መንገዱ በሚያወጣው የጓሮ በር አወጣኋት። ያሲን የሚባል ባለ ባጃጅ እዚያ ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር። አንድ ቃል ሳይጠይቅ ተነስቶ እንደ ገዛ ልጁ ታቅፎ አስገባት። ድልድዩን ስንሻገር ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። «ለማዳቭ መጣ በይልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሳታራ ደርሰን ደም ሰቀሉላት፣ ሐኪሟም እየሮጠች መጣች፤ የሚገባው ከሚወጣው ጋር ሊተካከል አልቻለም። ሐኪሟ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ሁለት ወር ብያት ነበር። ለምን አልመጣችም?» አለችኝ። ቀጥላም ፅንስ እንዳልነበረ፣ ፈጽሞ እንዳልነበረ ነገረችኝ።

ይህን ለኢንዱማቲ ነገርኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር አግኝታ ነበር። በረንዳውን ሲያጥቡ የተረፈው የኪኒን እሽግ ወድቆ ተገኝቷል። የወሊድ መከላከያ መሆኑን ጎረቤት አነበበላት። በዓሉ ሳያልቅ ወሬው መንገዱን ሞላው፦ የኢንዱማቲ ምራት የሆዷን ልጅ በኪኒን ገደለችው፣ እሷንም ይዟት ሄደ። «ሌባዋ» አሏት፤ የሌባ ልብስ ለብሳ አልነበር? ማዳቭ ሰምቶ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ሸተተኝ።

በአሥረኛው ቀን ወንዝ ዳር ለሟች የሩዝ ድብልብል ይቀመጣል። ቁራ ወርዶ ከነካው ነፍሷ ረክታለች፤ ካልነካው የቀረባት ነገር አለ። ሴቶች ብዙ ጊዜ አይሄዱም። እኔ ሄድኩ፤ ኢንዱማቲም እኔ ከሄድኩ ብላ መጣች። ሩዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቁራዎቹ ከዋርካው ላይ ሆነው ወደ ታች ያያሉ፤ አንድም አልወረደም። ሌላ ጊዜ እኮ ከእጅ ነው የሚነጥቁት።

ካህኑ «የቀረባትን ተናገሩ» አለ።

ማዳቭ እጁን አጣምሮ «ሌላ አላገባም» አለ። ቁራ አልመጣም።

ኢንዱማቲ ቀረበች። «የልጅ ልጄን ስላጠፋሽብኝ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። ቁራዎቹ ቅርንጫፍ ቀየሩ እንጂ አልወረዱም። ፀሐዩ ከረረ፣ ሰዎቹ እግራቸውን እያቀያየሩ መቆም ጀመሩ። ካህኑ ቁራ እንቢ ሲል እንደሚደረገው ከሣር ቁራ መጎንጎን ያዘ።

ያን ጊዜ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ወንዶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ወተት ሻጩም እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ቁራ አላልኩም፤ ደም አልኩ። «ኬታኪ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ልጅ አልነበረም። ማንንም አልገደልሽም፣ ማንንም አልዋሸሽም። ኪኒኑን የዋጥሽው እነሱ ደም ማየት ስለወደዱ ነው፤ የተውሽው ልጅ ስለፈለጉ ነው። ደምሽን ያነበብነው እኛ ነን፤ የተሳሳትነውም እኛ ነን። ስትሞቺ ቆመው እያዩሽ ለውሃው ቦታ ይፈልጉ ነበር።»

አንድ ቁራ ወርዶ ሩዙን ነካ። ርቦት ይሆናል፤ እኔ እንጃ።

ሁሉም ተነፈሰ። ማዳቭ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ቁጭ አለ። የወንዙን ደረጃ ስንወጣ ኢንዱማቲ ከጎኔ ነበረች፤ እግሯ ገና አልደረቀም። የሳሪዋን ጫፍ ጨመቀችና፣ «ልክ ነሽ፣ እትዬ» አለችኝ። ቆሜ አየኋት። ልቧ ተሰበረ ብዬ ነበር። «ልክ ነሽ። የሚቀጥለዋን እናቷን አምነን አንቀበልም። ሐኪም ሳያያት አናመጣትም።»

ቤት ስደርስ ልብሴን ሰበሰብኩና የጓሮው በረንዳ ላይ ወጣሁ። እዚያው አበስላለሁ፣ እዚያው እተኛለሁ፤ ከእሷ ምድጃ አልበላም። ደጁን ጠዋት የሚሥል የለም። ሰዎች በአጥር በኩል እያዩኝ ይሳለቃሉ፦ «አክስቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቁራ ነካሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ነክቶኛል» እላቸዋለሁ።